ፊደል የማትለየው እህት

መነጽሯን የደበቁባት ገና ቁርስ ሳይቀርብ ነው። እታለም ከአልጋዋ ተነስታ፣ በጣሪያው ቀዳዳ ሲንጠባጠብ ያደረውን ውሃ ከሳፋው ደፍታ፣ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ፣ ሁልጊዜ ከመስኮቱ ደፍ ላይ የሚቀመጠው መነጽር የለም። ጋዜጣውም የለም። በራሷ እጅ ጽፋ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው የመድኃኒት ሰዓት ማስታወሻ እንኳ ተልጦ፣ ቦታው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። "ሌባ ገባ እንዳልል፣ ሌባ ጋዜጣ ምን ያደርግለታል?" ብላ ወደ ሳሎን ልታቀና ስትል ከወጥ ቤቱ የምራቷን ድምፅ ሰማች። "ዛሬ ብቻ ነው በላቸው። ፊደል አይለዩም፣ አለቀ! ይፈርሙ ከተባሉ በአውራ ጣታቸው ይጫኑ። ቀለሙን ትናንት ገዝቼዋለሁ።"

እታለም ሳፋዋን እንደያዘች ቆመች። ምራቴ የምትላት የወንድሟን ልጅ ሚስት ነው፤ ልጁን ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ምራት ማለቱ አይበዛባትም። ይህቺው ምራት ናት እንግዲህ በአውራ ጣት ልታስፈርማት ቀለም የገዛችው። እታለም እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፊልም ሠሪ ቤት የጓሮ ክፍል ተቀምጣ፣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የድርሻውን ቃል ከዋናው ድርሰት እየለየች በእጇ ስትገለብጥ የኖረች ሴት ናት፤ ብዕሩ መሐል ጣቷ ላይ ያወጣው እብጠት ዛሬም አልሟሸሸም። ቁጣዋ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሳቅ ሆኖ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። አፏን በእጇ ያዘች።

ልጁ መጣ። ልጁ ይባላል እንጂ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከትንንሽ ብሎን ጋር ስለሚውል ድምፁም አብሮ አንሶበታል። እጁን እያፍተለተለ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀመጠ። "እታለም፣ አትቆጪኝ" አለ። "የአባቴን ደብዳቤዎች የሚገዛው ሰብሳቢ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ምስክርነት ያስፈርምሻል። አባቴ በመጽሔት የተናገረውን ታስታውሺያለሽ አይደል? ያን መጽሔት ሰውዬው በላስቲክ ሸፍኖ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። አንቺን ጋዜጣ ስታነቢ ካገኘሽ ይጠረጥራል። ይሄ ውሸት ከሆነ ሌላውስ ይላል። እሱ አንዴ ከጠረጠረ ደግሞ አለቀ፣ ጣሪያውም ቀረ።" ሁለቱም ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። "መጀመሪያ የሚቀየረው ያንቺ ክፍል ነው" ብሎ ጨመረ።

መጽሔቱን እንዴት ትረሳዋለች! አባቱ፣ ማለትም ታናሽ ወንድሟ፣ በዚያ ዘመን የፊልም ቤቱ ኮከብ ነበር። ቁመናው ያማረ፣ ፈገግታው ሰው የሚያጠፋ፣ ትምህርቱ ግን ከሦስተኛ ክፍል ያላለፈ። በፊልሞቹ አብራው ከምትሠራው ተዋናይት ጋር ደብዳቤ መጻጻፉ በከተማው ሲወራ አንድ ጋዜጠኛ፣ "ሰው ይጽፍልዎታል የሚባለው እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀው። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ "ማን ይጽፍልኛል? በቤታችን ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ነኝ። እህቴ እንኳ ፊደል አትለይም!" አለ። መጽሔቱ ወጣ። እታለም ያን ሳምንት አላነጋገረችውም፤ በስምንተኛው ቀን መጥቶ፣ "እባክሽ አንድ ደብዳቤ፣ አጭር ትሁን" አላት። ጻፈችለት። ወንድም ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሆኖም ጉዱ ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ወንድሟ ሰኞ ሰኞ እየመጣ "እንዲህ ያለ ነገር በይልኝ" ሲላት፣ ተዋናይቷ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ጓሮው ክፍል ብቅ ትልና በሩን ዘግታ፣ "አንቺ ባሕርይውን ታውቂያለሽ፣ የእኔ እጅ ደግሞ ዶሮ የጫረችው ነው፣ እስቲ መልሺልኝ" ትላት ነበር። ሁለቱም አስምለዋታል። እታለም ለሁለቱም የተለያየ የእጅ ጽሑፍ አበጅታ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ጠይቃ ሐሙስ መለሰች። አንድ ጊዜ በተዋናይቷ ስም አኩርፋ ሁለት ወር ዘጋችው፤ በወንድሟ ስም ለምና፣ አባብላ፣ አስቃ ታረቀች። እርቁ ሲወርድ ሁለቱም በየተራ መጥተው ሽቶ ሰጧት፤ ያውም አንድ ዓይነት ሽቶ። ለአድናቂ የሚላኩት ፎቶዎች ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትፈርመውም እሷው ነበረች፤ የእሱንም የእሷንም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰችም። ወንድሟ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ተዋናይቷ ባለፈው ወር ስትሞት፣ ከእሱ የተቀበለቻቸውን ደብዳቤዎች ወደዚህ ቤት እንዲመለሱ ተናዛ ኖሮ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ታሽገው መጡ። ልጁ ከአባቱ ዕቃ መሐል ያገኛቸውን የተዋናይቷን መልሶች ጨምሮበት ሳጥኑን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ለእታለም የሸተታት የዝገቱ ሽታ ብቻ ነው።

"በጣቴ አልፈርምም ብልስ?" አለችው።

  "አንቺ እንዳልሽ ይሁን" አለ ልጁ፣ ፊቱን ግን አላነሳም። እታለም ሆዷ ራራ። ሆኖም አንድ ነገር ለራሷ ማለች፤ ዝም ትላለች እንጂ ዛሬ ከአፏ ውሸት አይወጣም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቃል ስትጽፍ ኖራ፣ በስተእርጅና "ፊደል የማትለይ" ተብላ ከደብዳቤዎቹ ጋር በመስታወት ውስጥ ልትቀመጥ? ስሟ ከአንድም ወረቀት ላይ የለም፤ ያለው መሃይምነቷ ብቻ። ይሄ ነው ያንገበገባት።

ሳሎኑ ታጥቦ፣ መጋረጃው ተቀይሮ፣ ከጎረቤት ስድስት ስኒ ተውሰው ጠበቁ። ምራቷ ስለ ስኳር ዋጋ ስታወራ ቆየች፤ ባለፈው ሳምንት ከነበረበት በእጥፍ ጨምሯል፣ እንግዳውም ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ዓይነት ሰው እንዳይሆን ፈርታለች። አራት ማንኪያ የሚጨምር ሆኖ ተገኘ። ሰብሳቢው አጭር፣ ክብ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰውዬ ነው። የተዋንያን ደብዳቤ ብቻ ይሰበስባል፤ የዘፋኝ አይነካም፣ የጸሐፊማ "እንዴ፣ እነሱ እኮ ለሁሉም ሰው ነው የሚጽፉት!" ይላል። የእነዚህን ሁለት ተዋንያን አራት ደብዳቤዎች ከዚህ በፊት በውድ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏቸዋል። የሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር የሆነውም በእነሱ የተነሳ እንደሆነ ሻይው ሳይበርድ ነገራቸው። እታለምን አይቶ፣ "እማማ፣ እርስዎ ነዎት እህቱ!" ብሎ ጮክ አለ፣ ፊደል የማይለይ ሰው ጆሮውም የማይሰማ ይመስል።

ነጭ ጓንት አጠለቀ፤ ማጉያ መነጽሩን አወጣ። ከቦርሳው ማወዳደሪያ ያላቸውን ዘረጋ፤ ኮከቡ ሲያጠናበት የነበረ የድርሻ ቃል ወረቀትና ተዋናይቷ የፈረመችበት ፎቶግራፍ። እታለም ሁለቱንም አወቀቻቸው። ወረቀቱ ላይ ቀለም የተደፋበት ቦታ እንኳ ትዝ አላት፤ ያን ቀን ድመት ነበረች ጠርሙሱን የገለበጠችው። ሰብሳቢው አንዱን ከአንዱ እያስተያየ፣ "ይኸው! ይኸው! አንድ እጅ! ሰው ሊጠራጠር አይችልም!" ይላል። ልጁ ላቡን ጠረገ። ሰባ ዘጠኙን ደብዳቤዎች በየተራ ሲያያቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ማየት ነው ታዲያ፤ ማንበብ የለም። የፊደሉን ወገብ፣ የመስመሩን ዘመም ማለት፣ የቀለሙን ውፍረት ያያል፤ "እኛ ሰብሳቢዎች እጅ ነው የምናየው፣ ወሬ አናነብም" አለ፣ ምራቷ የትኛው ይበልጥ እንደሚጣፍጥ ስትጠይቀው። ከዚያ ሁለት ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርጎ ማጉያውን ድንገት አቀረበ። 

"ተመልከቱ" አለ ሰብሳቢው በሹክሹክታ። "የሱ 'ለ' እና የሷ 'ለ' ወገባቸው አንድ ነው። መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው የተመሳሰለው። ፍቅር ነው! ሦስት ዓመት የተጻጻፈ ሰው እጁም ይዋደዳል።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። እታለም ሳቋን ለመዋጥ ሻይ ተጎነጨች፤ ሻይው በማይገባው በኩል ገብቶ አሳላት። ምራቷ ጀርባዋን እየመታች፣ "ወንድማቸው ትዝ ብሏቸው ነው" አለች።

"እማማ፣ ወንድምዎ ሲጽፍ ያዩ ነበር?" ሲል ሰብሳቢው ጠየቃት።

"ደብዳቤዎቹ ሲጻፉ ከክፍሉ ወጥቼ አላውቅም" አለች እታለም።

"ሌላስ የለም?" አለ ሰብሳቢው ወደ ልጁ ዞሮ። ልጁ ትንሽ አመነታና፣ "አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ አባቴ በየወሩ የጻፈልኝ አሉ። እነሱ ግን አይሸጡም" አለ። ይህን ሲናገር ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። እታለም ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ባዶ ያልሆነውንም አነሳች።

ከሳጥኑ ሥር አንድ የታሸገ፣ ምንም ያልተጻፈበት ኤንቨሎፕ ቀርቶ ነበር። ልጁ ያልተከፈተ ይበልጥ ዋጋ ያወጣል ብሎ አልነካውም። ሰብሳቢው እንደ ሐኪም በቀጭን ቢላ ከፈተው፤ ወረቀቱን ዘረጋ፤ ፊቱም ወዲያው ጨፈገገ። "ይሄ ምንድነው? ዶሮ የጫረችው!" ከፎቶው ፊርማ ጋር አስተያየው፣ ከደብዳቤዎቹ ጋር አስተያየው፤ አይገናኝም። "የሆነ አድናቂ ወይ ቀጣፊ ጽፎ የሸጎጠው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስብስብ ያበላሻል።" የማኅበራቸው ደንብ ነው አለ፤ የወደቀ ወረቀት ሌላ ሰብሳቢ እንዳያታልል እዚያው ይመታበታል። ከቦርሳው ትንሽ ማኅተም አወጣ፣ ትንፋሹን እፍ አለበት፣ መሐሉ ላይ መታበት፤ በቀይ ቀለም "ሐሰተኛ"። ከሥሩም ፈረመበት። ከዚያ ለምራቷ አቀበላት፣ ምራቷም ለእታለም፣ "እትዬ፣ ይቺን ከልጣጩ ጋር ይጣሏት።"

እታለም ዶሮ የጫረችው ሲባል ነው ጆሮዋ የቆመው። ወጥ ቤት ገብታ በሩን በእግሯ ገፋችው፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ፣ መነጽር ስለሌላት ከክንዷ ርዝመት አርቃ፣ ዓይኗን አጥብባ አየችው። ይህን እጅ ፊልም ቤቱ ውስጥ ከእሷና ከገንዘብ ያዡ በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ የደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ነበር የሚገኘው።

"አንቺ ጉደኛ" ይላል። "እጄን ታውቂዋለሽ፣ ታገሺኝ። መጽሔቱ ላይ እህቴ ፊደል አትለይም ሲል ያነበብኩ ለታ ነው የገባኝ። ሲስቁ መዋል ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ፤ ሲመሽ ደግሞ አለቀስኩ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በጉጉት የምጠብቀው ያንቺን ኖሯል። እሱማ ፊት ለፊት ሳገኘው የሚያወራው ስለ ጫማው ነበር። ብነግርሽ ታቆሚያለሽ ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ መልሺልኝ ማለቴን ቀጠልኩ። በራሴ እጅ ልመልስልሽ ስል ስል ይኸው አርባ ዓመት አለፈ። ደብዳቤዎቹን መልሼልሻለሁ፤ ያንቺ ናቸው። እንዳንቺ የጻፈልኝ ሰው የለም።" ከሥሩ የተዋናይቷ ሙሉ ስም አለ፤ እንደ ደመወዝ መዝገቡ ተንጋዶ።

እታለም ከዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ማልቀሱንም ሳትጨርስ መሳቅ ጀመረች። "ወይ አንቺ ነገረኛ፣ አውቀሽ ኖሯል!" አለች ጮክ ብላ። ከሳሎን ምራቷ፣ "እትዬ፣ ምን አሉ?" ብትላት አልመለሰችም። ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ወረቀቱን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ተነሳች። በጣት መጫን የሚባለው ነገር በቃ፣ ከሆዷ ወጥቷል።

ሳሎን ስትመለስ ሰብሳቢው የምስክርነቱን ቃል እያነበበ ነው። "እኔ ፊደል የማልለየው የተዋናዩ እህት፣ ወንድሜ እነዚህን ደብዳቤዎች በገዛ እጁ ሲጽፍ በዓይኔ ማየቴን በጣቴ አረጋግጣለሁ።" ምራቷ የቀለሙን ጣሳ ከፍታ አቀረበችላት። እታለም ጣሳውን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው።

"ብዕር ስጡኝ። መነጽሬንም።"

 ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። ምራቷ ተነስታ፣ ከስኳሩ ጣሳ ውስጥ መነጽሩን አውጥታ፣ በቀሚሷ ጠራርጋ ሰጠቻት። እታለም የምስክርነቱን ወረቀት ወደ ጀርባው ገለበጠች። ጎንበስ ብላ፣ ሳታቆም፣ በወንድሟ የእጅ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ጻፈች፤ ያ ከሁለት ወር ኩርፊያ በኋላ የለመነበትን። ከሥሩ በተዋናይቷ የእጅ ጽሑፍ መልሱን ጻፈች። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልረሳችም። ብዕሩን ስታስቀምጥ ሰብሳቢው ማጉያውን አንስቶ ነበር። አየ፤ ወደ ደብዳቤው ዞሮ አየ፤ ተመልሶ አየ። ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ግድግዳው ላይ የሰቀላቸው አራቱ፣ ሊቀመንበርነቱ፣ የ"ለ" ወገብ፣ ሁሉም በፊቱ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፉ ይታያሉ። ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

"እማማ" አለ፣ አሁን በዝግታ፤ "ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?"

"አንድ ሰው ታውቅ ነበር። ሞተች።"

ሰብሳቢው ማጉያውን ወደ ቦርሳው መለሰ። "እኔ የምገዛው ለራሴ ነው። አልሸጥም፣ አልለውጥም። ለራሴ ደስታ ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ዋጋውን አልቀነሰም፤ እንዲያውም በመሐል "የኮከቡ እጅ" ማለቱን ትቶ "ይህ እጅ" ማለት ጀመረ። እታለም የጻፈችበትን ወረቀት ሊቀደው አነሳው፤ ሰብሳቢ ግን ወረቀት መቅደድ አይሆንለትምና አጥፎ ከሌሎቹ ጋር ጨመረው። አዲስ ወረቀት ሰጣት። እሷም የራሷን ምስክርነት በራሷ እጅ አሰፈረች፤ "እነዚህ ሰባ ዘጠኝ ደብዳቤዎች ሲጻፉ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። እኔ ሳላየው የተጻፈ አንድም ቃል የለባቸውም።" ከሥሩም ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ከሰባ ዘጠኙ ጋር የሚቀመጠው የመጀመሪያው ስሟ ይሄ ነው። ትንሽ አጋድማ፣ ከሥሩ አንድ ጭረት ጨመረችበት።

ሰብሳቢው ገንዘቡን ቆጥሮ ከፍሎ፣ ሳጥኑን ታቅፎ በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። የሆነ ነገር ሲያሰላ ቆይቶ ዞረ። "ታዲያ ያ... ዶሮ የጫረችው... የማን እጅ ነው?"

"የሷ" አለች እታለም።

"የተዋናይቷ? የራሷ? በገዛ እጇ?" ሳጥኑን ወንበር ላይ አስቀመጠ። "በዓለም ላይ ስንት ይኖራል?"

"አንድ።"

እጁን ዘረጋ። "እማማ፣ ይስጡኝ። ዋጋውን ራስዎ ይጥሩ። የፈለጉትን!"

እታለም እጇን ደረቷ ላይ አሳርፋ በሐዘኔታ ዓይነት አየችው። "ምን ያደርግልዎታል ጌታዬ? ሐሰተኛ ነው እኮ። ማኅተም ተመቶበታል፤ ፈርመውበታል።" ሰብሳቢው ሳጥኑን አንስቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ጫማው ሲንኳኳ ከተሰማ በኋላ ምራቷ በሳቅ ፈነዳች፤ ስኒ ልመልስ ብላ ወደ ጎረቤት ሮጠች። ስኒዎቹን ግን ረስታቸው ሄደች፤ የሄደችው ልታወራ ነው።

ልጁ ግን አልሳቀም። ከወንበሩ አልተነሳም። እታለም መነጽሯ ላይ የቀረውን ስኳር እየጠረገች ታየዋለች፤ እሱ ደግሞ እጇን ያያል፣ መሐል ጣቷ ላይ ያለውን እብጠት። ግድግዳው ላይ የሰቀላቸው ሰዓቶች ሁሉ በየራሳቸው ይቆጥራሉ። በዚያ የብሎን ድምፁ፣ "እታለም" አለ። "ትምህርት ቤት ሳለሁ አባቴ የጻፈልኝ... በዝናብ ጊዜ ካልሲህን ደርብ የሚለው፣ ስትፈራ አብሬህ ነኝ የሚለው... እነዚያስ?"

 እታለም የልጁን ሽበት አየች። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ አዳሪ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እያለቀሰ የተወችውን አየች።

"እሱ እየነገረኝ ነው የጻፍኳቸው" አለች። "ቃል በቃል።"

ልጁ አንገቱን ነቀነቀ፤ ተነስቶ ጋዜጣዋን ከደበቀበት አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። እታለም ገለጥ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። በዚያን ቀን ከአፏ የወጣው ውሸት ያ ብቻ ነበር።